ኤሊና ባዶው ጎል

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝና ወደ ሜዳው ጠጋ በሉ።

የጃርትና የኤሊ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አንድም ጎል አልገባበትም። ዋንጫ ለመብላት ግን በመጨረሻው ጨዋታ ጦጣዎችን ማሸነፍ ነበረበት፤ እኩል ከወጡ ዋንጫው የጦጣዎች ነው።

አምበሉን ጃርትን ጭንቀት አላስቀምጥ ብሎታል። እሾሁን እያንኮሻኮሸ፣ "ኤሊ ወንድሜ፣ ዛሬስ ማግባትም አለብን። በል ወደ ፊት ሂድ!" አለው።

"ኋላውን ማን ይጠብቃል?" አለ ኤሊ ቅር እያለው።

"እኔ አለሁ፤ አንተ ሂድ ብቻ!"

ኤሊ እየተጎተተ የጦጣዎቹ ጎል ጋ ሲደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ጦጣዎች አርፎ መቀመጥ አያውቁምና ግብ ጠባቂያቸው ሳይቀር ለማጥቃት ወጥተዋል። ጃርት ኳሷን ነጠቀና በረጅሙ ለጋት። ተንከባላ ተንከባላ ባዶው ጎል ፊት፣ ኤሊ እግር ስር ቆመች።

"ምታት! ምታት እንጂ!" ሜዳው ቀውጢ ሆነ። ኤሊ ጩኸቱን ሲሰማ እንደለመደው ኳሷን ደረቱ ስር ወሸቀና አንገቱን ሰበሰበ።

ፊሽካው ተነፋ። ጦጣዎቹ ዋንጫውን ይዘው እየጨፈሩ ዛፍ ላይ ወጡ።

ጃርት እያለከለከ ሲደርስ ኤሊ ከቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ፣ "ገባብን እንዴ?" ሲል ጠየቀው።

የጃርት እሾህ ሁሉ ተኛ። "አልገባብንም ወንድሜ" አለው። "ዘንድሮም አልገባብንም።"