ጎኑ ያለቀ ክብሪት

አንድ ሰው ነበረ። ትርፌ፣ ጥያቄሽን መሸሼ አይደለም። «እርስዎ በእጅዎ ዳስሰው የሚለዩትን ስብራት እኔ መጀመሪያ ራጅ ይነሡ ብዬ ብልክ፣ ያስተማሩኝን መናቅ ይሆንብኛል ወይ?» ነው ያልሽኝ። አርባ ዓመት ወጌሻ ሆኜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በር ላይ እጁን ታቅፎ የተቀመጠው ሸማኔ ጥቂት ይታገሠንና የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው ክትባት በየቀበሌው የሚያዳርስ ጤና ሠራተኛ ነበር። አባቱም የዚሁ ሥራ ሰው ነበሩና ሲሞቱ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ተዉለት። በመጨረሻዋ ሰዓት እጁን ይዘው «ይቺን ሞተር አደራ፤ እንዳትቆም» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እሱም አደራን ሁላችንም እንደምናውቀው አወቀው። አደራ እንደተቀበሉት የሚመለስ ነገር ነው። አንድ ብሎን እንኳ ሳይለውጥ ሊጠብቃት ለራሱ ማለ።

ሞተሯ ግን አመለኛ ነበረች። እሳት የምታስነሣላት፣ ሜካኒኮች ፑንቲና የሚሏት ትንሽ ብረት አለች፤ ሁለት ከንፈሮቿ እየተነካኩና እየተላቀቁ ለካንዴላው እሳት ይልካሉ። ከንፈሮቿ ቶሎ ይጠቁራሉ፤ እርጥበት ከገባባቸው ደግሞ ያኮርፋሉ። አባትየው በየማለዳው በክብሪት ቀፎ ጎን ይፍቋት ነበር። ልጅም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ብርድም ይሁን ጭቃ፣ በየማለዳው ተንበርክኮ ፋቃት። ሚስቱ ምድጃ ልታነድ ስትል የምታገኘው ጎኑ ያለቀ ክብሪት ነበር። ሲፍቅ ያየው ጎረቤት ሁሉ «አባቱን የሚያከብር ልጅ» ይለዋል። ከአፉ የሚወጣውን ግን እሱና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት። «ምን ዓይነት መዘዝ ነው ጥለውብኝ የሄዱት» ነበር የሚለው።

አንድ ሜካኒክ አዝኖለት «ይህን ሁሉ ፍቅፈቃ የሚያስቀር ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አለ፤ ልግጠምልህ» ቢለው፣ «የአባቴን እጅ ከሞተሯ ላይ አላስወጣም» ብሎ ተቆጣ።

በአንድ ክረምት የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ሲሄድ ሞተሯ ወንዝ ዳር ቀጥ አለች። ዝናቡ ላይ ተንበርክኮ ፋቀ፣ ፋቀ፤ በመጨረሻ የክብሪቱ ቀፎ ራሱ ርሶ እጁ ላይ ፈረሰ። በረዶው ቀለጠ፤ ክትባቱም ተበላሸ። ማዶ ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ የጠበቁት እናቶች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእነዚያ ሕፃናት አንዷ በኩፍኝ ተያዘች። ተመስገን፣ ተረፈች። እናቷ ግን ሰውየውን መንገድ ላይ ስታገኘው «ወንድሜ፣ አባትህ ይደርሱልን ነበር» አለችው። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። እሱ ከዚያው ሞተሯን እየገፋ ሜካኒኩ ዘንድ ሄደ።

ሜካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ፑንቲናዋን ፈታና መዳፉ ላይ አገላበጣት። ከዚያ ሳቀ።

«ይቺ ከሞተሯ ጋር የመጣች አይደለችም» አለው። «የጭነት መኪና ዕቃ ናት። አባትህ ቀዳዳዋን በሞረድ አስፍተው፣ ክንዷን አሳጥረው ነው የገጠሟት። ተመልከት፣ የሞረዱ ጭረት እስካሁን አለ።»

ሰውየው ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳረፈ። እሱ ዘጠኝ ዓመት አልነካም ያለውን አባቱ ራሳቸው ነክተውታል፤ ሞተሯ እንዳትቆም ሲሉ። አደራው ይኸው ብቻ ነበር። «ግጠመው» አለ፤ መፍቻውንም ራሱ ያዘ። የባትሪውን ሽቦ ፈቱ። በፑንቲናዋ ቦታ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያውን ሰሌዳ አሰሩ፣ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ማግኔት አደረጉ፣ እሳቱን የምትቆጣጠረውን ትንሽ ሣጥን ከመቀመጫው ሥር ሸጎጡ። እሳቱ በሰዓቱ እንዲመጣም ሰሌዳዋን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ አስተካከሉ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ልማድ ሆኖበት ክብሪቱን ይዞ ተንበረከከ። የሚፋቅ ነገር የለም። ተነሥቶ ካፊያው እየወረደ አንዴ ቢረግጣት ተነሣች። ያን ጊዜ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ፣ ነፍስዎን ይማር፤ እንዴት ያለች ሞተር ነው የተዉልኝ» አለ። እንባውም አብሮ መጣ። ክብሪቱን ለሚስቱ መለሰላት፤ እሷ ደግሞ ምርቃቷን ሁሉ ለሜካኒኩ ሰጠች።

እንግዲህ ትርፌ፣ ልጅየው አንቺ ነሽ፤ አባትየው እኔ ነኝ። ያስተማርኩሽ የተሰበረ እንዲጠገን እንጂ ጣቶቼ እንዲታወሱ አይደለም። እያጉረመረምሽ ከምትጠብቂልኝ፣ ለውጠሽ ብታመሰግኝኝ ይሻለኛል። ለማንም ያልነገርኩትን ደግሞ ልንገርሽ። የእኔ መምህር ስብራት የሚያስሩት በቀርከሃ ነበር። እኔ ካርቶንና ፋሻ የጀመርኩት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም በመቃብራቸው አጠገብ ሳልፍ አቀረቅራለሁ። የእኔም የሞረድ ጭረት ይኸው ነው። አንቺ ግን በሕይወት ሳለሁ መጥተሽ ጠየቅሽኝ። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ፣ ከልቤ ነው። ያ አባት ሞተው ስለነበር ልጃቸውን «ለውጣት» ሊሉት አልቻሉም። እኔ አለሁና ከአፌ ስሚው፤ ለውጪው። አደራዬን አልበላሽም።

በይ ሂጂ፣ ሸማኔው ደክሞታል። ራጅ ተነሥቶ ይምጣና ያን ጊዜ ታስሪለታለሽ። ፊልሙን ሲያመጣ ግን ለእኔም አሳዪኝ። አርባ ዓመት ስዳስሰው የኖርኩትን አጥንት አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ ልየው።