የመውረጃው ስም

በአንድ ወቅት፣ የጣና ውኃ ገና በእግር ይደረስበት በነበረ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ደንገል ሰፈር የምትባል መንደር በሐይቁ ዳር ነበረች። የመዝናኛ ቤቶች አጥር በግራም በቀኝም እየገፋ መጥቶ፣ ለሰፈሩ የቀረችው ወደ ውኃው የምታወርድ አንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ ናት። መውረጃው ይሏታል። ልብስ የሚታጠበው፣ ታንኳ የሚሳበው፣ ልጆች ዋና የሚለምዱት በእሷ ነው።

ወሬም የሚገኘው እዚያው ነው። በመውረጃው አፍ ላይ የእድሩ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሠርጉ፣ የጠፋው ፍየል፣ የመብራት መቋረጡ ሁሉ ይለጠፍበታል። ሞት ግን በወረቀት አይነገርም። ሞትን የሚናገሩት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አያ ደምለው ናቸው።

በዚህች ሰፈር ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ተምራለች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ትተይባለች። ዓይነ አፋርነቷ ግን ለጉድ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዷት ሰፈሯን አልፋ ከሄደች በኋላ በእግሯ የምትመለስ ናት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት እንድትተይበው የተሰጣት ደብዳቤ ጣቶቿን አደነዘዛቸው። መውረጃው ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቷል፤ ሰኞ በሦስት ሰዓት ይታጠራል፤ ሥራው እስኪጀመር ነዋሪው እንዳይሰማ። ተየበችው፤ አስፈረመችው። ቤቷ ገብታ ግን ከደብተር አንድ ቅጠል ቀደደችና በእጇ ጻፈች፦ «ሰኞ ሦስት ሰዓት መውረጃችን ይታጠራል። እወቁት።» ስም አላኖረችበትም። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችውና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ሄደች።

ስትመለስ ሰፈሩ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩሏል። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የጠየቀ ግን አልነበረም።

«ማነው የጻፈው?» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ፈንታሁን።

«ደላላ ነው! አስደንግጦ ቤታችንን ሊያስሸጠን!» አለች አንዲት ልብስ አጣቢ።

«አንቺው ትሆኛለሽ» አላት አንድ ዓሣ አስጋሪ። «ሐሙስ ዕለት እስክሪብቶ ስትገዢ ታይተሻል።»

«ለልጄ ነው! አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው የእኔ ዘበኛ የሆንከው?»

አንድ ሽማግሌ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ይህችን የ‹ው› ጅራት አውቃታለሁ። እንደ መንጠቆ ትቆለመማለች። የእንየው እጅ ናት።»

ጋሽ እንየው በፍርድ ቤቱ በር ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ይታይሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በልጅነቷ ጣቷን ይዘው ያጻፏት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው በኮምፒውተር ስለሆነ የእጅ ጽሕፈቷን ያየ የለም፤ የጋሽ እንየው መንጠቆ ግን በጣቷ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቷን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ሕዝቡን አዩ፤ ይታይሽ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ትንሽ የዘገየ መሰላት።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«እውነት ከሆነ፣ ማንስ ቢጽፈው ምን ይላችኋል?» ብለው ሄዱ። ይኸው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባቸው።

አያ ደምለው ከኋላ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» አሉ ለራሳቸው። ለወረቀት የማይነቃነቅ ሰፈር ለቀብር ይነቃነቃል፤ ጡሩምባ ተነፍቶ ከቤቱ የሚቀር ሰው እድሩ ይቀጣዋል። እሑድ ከሰዓት ዘጠና ዓመት ወደሚጠጋቸው ወደ እማማ አትጠገብ ቤት ሄዱ።

«እማማ፣ ለአንድ ጠዋት ይሙቱልኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?»

ነገሩን አስረዷቸው። አሮጊቷ አሰቡበት።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምሞተው?»

«እስከ ምሳ።»

«እሺ። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስልኝ ሳስብ ነው የኖርሁት፤ መውረጃው ከመስኮቴ ይታያል፤ አየዋለሁ።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ። «እማማ አትጠገብ ዐረፉ! መሰብሰቢያው መውረጃው አፍ ላይ ነው!» ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ፤ ድንኳኑ መንገዷን ዘግቶ ተተከለ። በሦስት ሰዓት እንጨትና ሽቦ የጫነ መኪና መጣ። ፎርማኑ ለቅሶውን አይቶ ሞተሩን አስጠፋ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለቅሶ መካከል ጉድጓድ አልቆፍርም፤ ለራሴ የቆፈርሁት ይሆንብኛል» ብሎ ሠራተኞቹን መለሰ። ያን ጊዜ ሰዉ ወረቀቷ እውነት እንደ ነበረች በዓይኑ አየ።

በምሳ ሰዓት እማማ አትጠገብ በበትራቸው ተደግፈው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ። «ፈንታሁን» አሉ አሮጊቷ፣ «አንተማ ሳልህ እንጂ አላለቀስህም።» ድንኳኑ ግን አልተነሣም። ፊርማ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ደብዳቤው እስኪሻር ሦስት ቀን ቆመ። መውረጃው ተረፈ።

ከዚያ በኋላ እድሩ አያ ደምለውን ጡሩምባቸውን ነጠቃቸው። «በሞት የዋሸ ጡሩምባ ነገ ማን ያምነዋል?» ተባለ። እውነትም በሚቀጥለው ወር አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሲሞት፣ አዲሱ ነፊ ቢነፋ ቢነፋ ግማሹ ሰፈር «ደግሞ የትኛው አጥር መጣ?» ብሎ ከቤቱ አልወጣም። ሰውየው በጥቂት ሰው ተቀበረ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ለአያ ደምለው ሰላምታ አትመልስም።

ጋሽ እንየውን ከዚያ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች «ምስጢሩን ማን ሰጠህ?» አሏቸው። ዝም አሉ። ዣንጥላቸውና ጠረጴዛቸው ከፍርድ ቤቱ በር እንዲነሣ ተደረገ። ሰፈሩም አላመናቸውም። «የመንግሥት ምስጢር የሚያወጣ የእኛንስ እዚያ አያደርስም?» እያለ፣ ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ።

በይታይሽ መሥሪያ ቤት ሁሉም ሲጠረጠር እሷን የጠረጠረ አልነበረም። «እሷማ ጥላዋን የምትፈራ!» ተባለላት። የታመመች እናቷን የምትጦረው በዚያ ሥራ ነውና መናገሩን ከወር ወር አሻገረችው። ሁለት ጊዜ ቃሏን አዘጋጅታ ጋሽ እንየው በር ድረስ ሄዳለች፤ ሲከፍቱላት «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላ ተመለሰች። በሁለተኛው ጊዜ ከኋላዋ «የእጅ ጽሕፈት አትተዪ» አሏት። ያውቁ ይሆን? ወይስ የሽማግሌ ምክር ነው? ይህን ስታሰላስል ስንት ቀን ሥራ ላይ ደብዳቤ ተሳስታ ተይባለች።

ስድስት ዓመት አለፈ። እናቷ ዐረፈች። መውረጃው የድንጋይ ደረጃ ተሠራለት፤ እድሩም «ያዳነው ሰው ስም ይጻፍበት» ብሎ እዚያው ውኃው ዳር ተሰበሰበ።

«ደምለው ባይነፋ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር!»

«እንየው ባይጽፍ ደምለው ምኑን ሊነፋ?»

«ባሌን ያለ ቀባሪ ያስቀረ ሰው ስም ላይ ልረግጥ ነው?» አለች የቀዛፊው ሚስት።

አያ ደምለው ተነሡ። «ዋሽቻለሁ። አጥሩ ተመልሶ ቢመጣ ደግሜ እዋሻለሁ። ስሜን ጻፉልኝ ብዬ ግን አልለምንም።»

ጋሽ እንየውም «እኔ ጻፍሁ ያልሁበትን ቀን የሚያስታውስ አለ?» አሉ።

«ይኸው፣ ዛሬም ሊሸሹ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

እጅ ተቆጠረ፤ እኩል ሆነ። ሳታነሣ የቀረችው ይታይሽ ብቻ ነበረች።

«በይ እንግዲህ» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ «ያንቺ ድምፅ ይለየው።»

«ስሙንም እሷው ትጻፈው» አሉ ጋሽ እንየው፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳያነሡ። «የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ያጻፍኋት እኔ ነኝ፤ ታውቅበታለች።»

የቀለሙን ብሩሽ ተቀበለች። ሁለቱም ስሞች በዚያች መንጠቆ ባላት ፊደል ያልቃሉ፤ የትኛውንም ብትጽፍ ያችን ወረቀት ያየ ሁሉ እጇን ያውቃል። የራሷን ብትጽፍ ደግሞ ሌላ ሰው ሲቀጣላት ስድስት ዓመት ዝም ያለች ሴት ስም ደረጃው ላይ ይቀራል። ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ።

እሷ ባትጽፍ ሰፈሩ ባልሰማ፤ ጽፋ ግን ተደበቀች። አያ ደምለው ባይነፉ ማንም ባልወጣ፤ የነፉት ግን ሐሰት ነው፤ አንድ ሟች ከፍሎበታል። ጋሽ እንየው ዝም ባይሉ ይታይሽ በተያዘች፤ ዝምታቸው ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያጠራጥር ኖረ። ደረጃው ገና ምንም አልተጻፈበትም፤ ሰፈሩ ቆሞ እጇን እያየ ነው። እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ በመውረጃው ላይ መጻፍ የሚገባው የማን ስም ነው?