ሃያ ሰባተኛው ማመልከቻ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ስንሻው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ኖረ። የባለጉዳዩን ሳይጨርስ የራሱን ጉዳይ አይነካም። ምሳውን እንኳ የሚበላው ወረፋው ካለቀ በኋላ ነበር።

በአንዱ ክረምት ወንዙ ሞልቶ በታችኛው ሰፈር የነበሩትን ሃያ ሰባት ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። አንዱ የስንሻው ቤት ነው። ሰዎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠልለው ሳለ መንግሥት ለቤት መሥሪያ ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ ማመልከቻው ግን ከእንግዲህ በኢንተርኔት ብቻ እንደሚቀርብ ተነገራቸው።

አዲሱን አሠራር ያመጣው ወጣት ባለሙያ አዳራሹ ድረስ መጥቶ አስረዳ። ፋይል አይጠፋም፣ እጅ መንሻ የለም፣ የማን ዘመድ ነህ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሰዎቹም ከልባቸው አጨበጨቡ፤ ከመካከላቸው ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ያልቀረበት ሰው አልነበረምና።

ቅጹን የሚሞላ ስልክ ከጎርፉ ያተረፈው ግን ስንሻው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ጎረቤቶቹን ተራ በተራ አጠገቡ እያስቀመጠ ሞላላቸው። ቅጹ ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ ለሁሉም የራሱን ቁጥር አስገባ። በየመጨረሻው «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እሱም ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

በዕድሜ ትልቋ እማማ ላቀች ከጎኑ አይጠፉም። ከሞላህ አይቀር ባልም ጠይቅልኝ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቅጹ ላይ ለባል የተተወ ቦታ አጣሁ እያለ አዳራሹን ያስቃል። የራሱን ማመልከቻ የላከው ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ከሁሉም በኋላ ነው።

በሁለተኛው ወር የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ከታችኛው ሰፈር የወጣው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የስንሻው።

እማማ ላቀች አዳራሹ በር ላይ ጠበቁት።

«ስንሻው፣ የኔን በደንብ ጽፈህልኝ ነበር?»

«በደንብ ጽፌያለሁ፣ እማማ። አጠገቤ ነበሩ እኮ።»

«ነበርኩ። ማንበብ ግን አልችልም።»

ፊታቸውን አዙረው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ስንሻው ወደ ባለሙያው ሄደ። ባለሙያው በአክብሮት አስቀምጦ ነገሩን አስረዳው። ሲስተሙ አንድን ስልክ ቁጥር እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል። በዚያው ቁጥር ሌላ ማመልከቻ ሲገባ የፊተኛው እንደታረመ ተቆጥሮ ይሰረዛል። ሁለተኛው አንደኛውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን እየሰረዘ ሄዶ የመጨረሻው ብቻ ቀረ።

«እንግዲያው የኔን ለእማማ ላቀች አዙርልኝ» አለ ስንሻው።

«ማዛወር አይቻልም፣ ጋሽ ስንሻው።»

«እንዲህ መሆኑን ለጎረቤቶቼ የማሳይበት ወረቀት ስጠኝ።»

«የተሰረዘው አይቀመጥም። እኔም የማየው የእርስዎን ብቻ ነው።»

«አቤቱታ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ቅሬታ የሚያቀርበው ያመለከተ ሰው ነው» አለ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ። «እነሱ ደግሞ በሲስተሙ ላይ አላመለከቱም።»

ሠላሳ ዓመት አቤቱታ የጻፈው ሰው የሚጽፈው አጣ።

ቤቱ በበጋው ተሠራ። በባዶው ሰፈር መካከል ብቻውን ቆመ። ስንሻው እማማ ላቀችን አብረውት እንዲገቡ ደጋግሞ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ክረምቱ ሲመለስ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አረፉ። በቀብራቸው ቀን ቃሬዛውን ሊሸከም ትከሻውን ቢያቀርብ፣ ጎረቤቶቹ ቦታ የለም አሉት።

አዲሱ አሠራር ጉቦ አልበላም፣ ለማንም አላዳላም፤ የሠሩትም ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንድ ነገር ብቻ ሳይጠይቁ ቀሩ፤ እነዚህ ሰዎች ስንት ስልክ አላቸው? ኑሮውን ሳያውቁ ለሰው የሚያወጡት ሥርዓት ንጹሕ ሆኖም ይበድላል። ወንዙ የወሰደው ቤታቸውን ነበር፤ ይህ ግን መተማመናቸውን ወሰደ፤ ለዚያ ደግሞ የሚሞላ ቅጽ የለም።

እርስዎ በዚያ አዳራሽ ከተጠለሉት አንዱ ቢሆኑ ኖሮ፣ ስንሻውን ያምኑት ነበር?