የፋሲካ ማግስት ማንደጃ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ቁጡ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በጋዝ ተርባይን የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ይመራሉ። በፋሲካ ማግስት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና የተርባይኑን እሳት ማንደጃ የምትነድፈውን መሐንዲስ አስነሷት።

"ስሚ፣" አሏት፣ "ማንደጃሽ ዛሬ ጋዝ፣ ነገ ናፍጣ ብናጎርሰው እኩል ይንደድ። ሲቀየርበት እንዳያጉረመርም። ጭስ የሚባል ነገርም እንዳላይ። በሳምንት ውስጥ ካልሠራሽው መጋዘን ወርደሽ ብሎን ስትለቅሚ ትውያለሽ።"

አፏን ልትከፍት ስትል የአቶ ደምመላሽ ሆድ እንደ አሮጌ ጄኔሬተር አጉረመረመ። ጾሙን ሙሉ ሽሮ ሲበላ ከርሞ ትናንት ዶሮና ክትፎ የወረደበት ሆድ ነው። አከታትሎም ከታች ሌላ ድምፅ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ መስኮቱን ከፈተ።

መሐንዲሷ ግን በትሕትና እጅ ነሳች።

"እሺ ጋሼ፣ እሞክራለሁ። ብቻ የእርስዎን ሆድ የሠራው እግዜር ነው። የእሱ ማንደጃ እንኳ ከሽሮ ወደ ዶሮ ሲቀየርበት አጉረመረመ፣ አጨሰም። በእርስዎ ሕግ ከሄድን፣ እሱም መጋዘን ወርዶ ከእኔ ጋር ብሎን ሊለቅም ነው።"