የማይናገረው ካብ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ካብ መካብ። ተቀመጥ ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ሃያ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ወንጌል አስተማርሁ፤ ባለቤቴ በሞተች ቀን ግን አንዲት የጸሎት ቃል ከውስጤ ፈልጌ አጣሁ። እምነቴ የት ሄደ? በአርባዋ ቀንስ ለሕዝቡ ምን ብዬ ልናገር?» ነው ያልኸኝ። ሌላ የነፍስ አባት ቢሆን አይዞህ ብሎ ይሸኝህ ነበር። እኔ ማባበል አልችልበትም። ስለ ካብ ሠሪው ሰው ልንገርህና የሚሆንህን ከውስጡ ውሰድ።

አገሩ ገደል ነው። ሜዳ የሚባል የለም። ሰው የሚያርሰው ተራራውን እንደ ደረጃ ቆርጦ፣ በየደረጃው ጫፍ ካብ ክቦ፣ አፈሩ ተንዶ ወንዝ እንዳይገባ አስሮ ነው። ካቡ የተናደበት ገበሬ በዓመቱ ልጆቹን ይዞ ከአገር ይወጣል፤ ምክንያቱም ከአፈሩ በታች ያለው ዓለት ብቻ ነው።

የዚያ አገር ካብ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ትልልቅ ድንጋይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ከጀርባው ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ጠጠር ይሞላል፤ እሱን ማንም አያየውም። ዝናብ ሲጥል አፈሩ የጠጣው ውሃ በጠጠሩ መካከል ቁልቁል ይወርድና በካቡ ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል። ጠጠር ከሌለ ውሃው መሄጃ ያጣና ካቡን ከኋላው ይገፋዋል። ጠጠሩም ቢሆን አንዴ ተሞልቶ የሚቀር አይደለም፤ ደለል ይደፍነዋል። ስለዚህ ገበሬው ሁሉ በየበጋው የካቡን አንድ ወገን ይፈታል፤ ጠጠሩን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ይመልሳል፤ ፊቱን እንደገና ይክባል። ሲጨርስ ካቡ እንደ ድሮው ሆኖ ይቆማል። ወር ሙሉ ወገብህ እስኪቆረጥ ለፍተህ፣ ጎረቤትህ መጥቶ ቢያይ ስትተኛ የከረምህ ነው የሚመስለው። ከዚህ ይበልጥ ምስጋና የሌለው ሥራ እኔ አላውቅም።

ካብ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በዓይን አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ ሄደው ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ ያስጠጋሉ። ከውስጥ ውሃ ሲወርድ ከተሰማ «ይናገራል» ይላሉ። ልጃቸውን ለመዳር የሚሄዱ ሽማግሌዎች እንኳ የአማቹን በሬ ከመቁጠራቸው በፊት ካቡን ያደምጣሉ።

ይህን ሰው አባቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እህል ከመቅመስህ በፊት አንድ ቅርጫት ጠጠር» እያለ አስለምዶት ነበር። ማለዳ ይነሣል፣ አንድ ቅርጫት ተሸክሞ ወስዶ ከካቡ ጀርባ ይደፋል፣ ከዚያ ቁርሱን ይበላል። አባቱ ሞቶ እሱ ሚስት ካገባም በኋላ ጥቂት ዓመት እንዲሁ ኖረ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ባልና ሚስት አብረው ሄደው ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር። በሕይወቱ ደስ ካሰኙት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ በኋላ ነው ያወቀው።

እጁ ላይ ግን ሌላ ጸጋ ነበረበት። ፊት ድንጋይ መግጠም ያውቃል። እሱ በገጠማቸው ሁለት ድንጋዮች መካከል ቢላዋ አይገባም። መጀመሪያ ጎረቤት ጠራው፤ ቀጥሎ ደብሩ ቅጥሩን አሠራው፤ ከዚያ ከወንዝ ማዶ ይመጡለት ጀመር። ማስተማርም ይችልበታል። ወጣቶችን ሰብስቦ «የካብ ነፍሱ ጀርባው ነው፤ ሰው የማያየውን ያልሞላ፣ ሰው የሚያየውን ለዝናብ ነው የሚክበው» ሲላቸው አንዳንዱ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

አንድ ማለዳ ሰዎች ደጁ ቆመው ሲጠብቁት ቅርጫቱን ተወው። በማግሥቱም ቸኮለና ተወው። ካቡ ምንም አልሆነም። ክፋቱ ይኸ ነው ልጄ፣ ምንም አልሆነም። አንድ በጋ ሳይፈታው አለፈ፤ ካቡ ቆሟል። ሦስት በጋ አለፈ፤ አሁንም ቆሟል፤ እንዲያውም ያምራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ በማሳው ግርጌ አውራ መንገድ ወጣ። ሰውየው መንገደኛ የሚያየውን አርባ ክንድ ካብ አፍርሶ እንደ አዲስ ካበው። የደብሩ ንግሥ ደርሷል፤ አገር ምድሩ በዚያ ሊያልፍ ነው። ፊቱን እስከ ዛሬ ገጥሞ በማያውቀው አገጣጠም ገጠመው። ለጀርባው ጊዜ አልነበረውም። አፈር ሞላበትና «ጠጠሩ በኋላ ይደርሳል» አለ። እንግዲህ ልብ በል፤ ክፉ ካቢ ቢሆን ኖሮ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ይቀር ነበር፤ ውሃውም በዚያ ባመለጠ። የሱ ግን ጥብቅ ነው፤ ጠብታ አያሳልፍም። በንግሡ ቀን ሰዉ ቆሞ «ይኸ ካብ ነው ወይስ ጥልፍ?» ይል ነበር። እሱም ጋቢውን ደርቦ መንገዱ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ ሚስቱ ብቻዋን ሄዳ ጆሮዋን አስጠጋች።

«አንተ ሰው፣ ካባችን አይናገርም» አለችው ተመልሳ።

«ምን ይበልሽ?» ብሎ ሳቀ።

«ድሮ የሚለውን ነዋ።»

ሳቁን ተወ። እሷ ሳትነግረው በፊት ያውቀው ነበር። ጆሮውን ማስጠጋት ከተወ ብዙ ጊዜው ነው፤ የተወውም ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ፈርቶ ነው። ዝምታውን አንዴ ከሰማ የሰማውን ይዞ ወጣቶቹ ፊት መቆም እንደማይችል ያውቃል።

በሁለተኛው ዓመት ካቡ ሆድ አወጣ። ሚስቱ እንደገና መጣች። «እንፍታው። እኔ ድንጋይ አቀብልሃለሁ» አለችው።

«በአገር ፊት? ካብ አስተማሪው የገዛ ካቡን ፈታ ይበሉኝ?»

«ይበሉህ። ምን ትሆናለህ?»

«ከንግሡ በኋላ እንፈታዋለን።»

ንግሡ አለፈ። ከንግሡ በኋላ ሌላ ቀጠሮ ነበረበት።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ከካቡ ፊት ቆሞ አንገቱን ዘንበል አደረገና «ይኸ ነገር ጎበጥ አላለም?» ብሎ ሄደ። ሰውየው ያን ቃል መሸከም አቃተው። መሰላል አቆመ፣ መዶሻና መሮ ይዞ ወጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያበጠውን ሆድ ጠረበው። ካቡን በመፍታት ፈንታ እብጠቱን ከፊቱ ላጨው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ የሚሆን እጅ ያለውም እሱ ብቻ ነው። ሲጠርብ ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውሃ እንደ ላብ ያቸፈችፍ ነበር። በእጅጌው ጠረገው። ሲጨርስ ወርዶ ከመንገዱ አየው፤ በገመድ የተለካ ይመስላል። ድንጋዩ ግን ሳስቷል፤ ከኋላው ያለው ውሃ ደግሞ ያው ነው። ያን ቀን ራት አልበላም።

ሚስቱ ከዚያ በኋላ አልጨቀጨቀችውም። በማግሥቱ ማለዳ ቅርጫቱን ከተሰቀለበት አወረደችና ከመንገድ በማይታየው በካቡ ዳር አንዲት ድንጋይ ፈታች። አፈሩን በእጇ ዛቀች፣ ጠጠር ሞላች፣ ድንጋዩን እንደሚሆንላት መለሰች። ካቢ አይደለችም፤ ድንጋዩ ተንጋደደባት። በየቀኑ እህል ሳትቀምስ አንድ ቅርጫት። እሱ ወደ ሰው ሥራ ሲሄድ በአጠገቧ ያልፋል። አንድ ቀን «ካቤን አበላሸሽው» አላት። ሌላ ቀን የአባቱን ሥርዓት በእሷ እጅ ሲያይ ሆዱ ባባ፤ ተሸክሞ ሊያግዛትም አሰበ። ማዶ የሚጠብቁት ወጣቶች ነበሩና እርምጃውን አፈጠነ።

አንዲት ክንድ ያህል ሞላች። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራል።

ዝናቡ የመጣ ዕለት እሱ ወንዝ ማዶ የሰው ካብ ሲክብ ነበር። ረፋዱ ላይ ከወዲያኛው ተራራ ትልቅ ድምፅ ሰማ። ነጎድጓድ መሰለውና ሥራውን ቀጠለ።

ሲመለስ አርባው ክንድ ካብ የለም። አፈሩ ከነማሽላው ወንዝ ገብቷል፤ ያማሩት ድንጋዮች መንገዱ ላይ ተበትነዋል። ሚስቱን ከድንጋዮቹ ሥር አወጧት። የቅርጫቱ ማንጠልጠያ ከክንዷ አልወጣም ነበር።

ለቀብር የሚመጣው ሰው ድንጋዮቹን እየተሻገረ ነው የሚያልፈው። አንዱ ለሌላው በሹክሹክታ «ድንጋዩ እንኳ ሲያምር» ሲል ሰማ። ዕድሜውን የኖረው ለዚህ ቃል ነበር። ሊያለቅስላት ፈለገ፣ እንባ አልወጣለትም። ሊጸልይላት ፈለገ፣ አፉ ላይ የመጣለት ለወጣቶቹ የሚናገረው ንግግር ብቻ ሆነ። ሰው ሲበተን ወደ ማሳው ወጣ። ከአርባው አንዲት ክንድ ቆማለች፤ የተንጋደደችው፣ እሷ የሞላቻት። ከሥሯ ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ጆሮውን አስጠጋ። ትናገራለች።

ጎረቤቶቹ አገር ልቀቅ አሉት። ዓለት አይታረስም። አልሄደም። አንድ ማለዳ የሷን ቅርጫት አነሣ፣ እህል ሳይቀምስ ጠጠር ሞልቶ ከሷ ክንድ ቀጥሎ ደፋ። በማግሥቱም እንዲሁ። «የሚይዘው አፈር እኮ የለም፤ ለምን ብለህ ነው?» አሉት። ቅርጫቱን አንሥቶ ሄደ። በዚያ አካሄድ አርባው ክንድ ስንት ዓመት እንደሚወስድ አስቦታል፤ የቀረው ዕድሜ ያን ያህል አይደለም። አፈሩ ተመለሰ ብዬ ብጨርስልህ ደስ ባለኝ። አልተመለሰም።

እንግዲህ ወዳንተ ልምጣ ልጄ። ስብከትህ ፊት ድንጋይ ነበር። አልዋሸህም፤ ሰው ተጽናንቶበታል፤ እኔም ተጽናንቼበታለሁ። ከጀርባው መሞላት የነበረበት ግን የማለዳ ጸሎትህ ነው፤ ጾምህ፣ ጽሞናህ፣ ማንም ሳያይህ ከፈጣሪህ ጋር የምትቀመጥባት ሰዓት። ስለ ጸሎት ለመናገር ስትቸኩል ጸሎቱን ተውኸው። ውስጥህ ዝም ማለቱ ሲታወቅህም ወጥተህ «ባዶ ነኝ» በማለት ፈንታ ድምፅህን ከፍ አደረግህ፣ ቃልህን አሳመርህ። የዚያ ሰው መሮ ይኸ ነው። እምነትህ ባለቤትህ በሞተች ቀን አልሄደም። ዝናብ የሚያደርገው የቆየውን ማሳየት ነው፤ የሄደውማ ቅርጫቱን በተውህባት ማለዳ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ምንም አልሆነም።

ራስህ ነግረኸኛል፤ እሷ ማለዳ ማለዳ ጓዳው ጥግ ተንበርክካ ስትጸልይ፣ አንተ ጉባኤ እንዳይረፍድብህ እግሯን ተሻግረህ ትወጣ ነበር። ከቤትህ ቆማ የቀረችው ክንድ ያቺ ጥግ ናት።

በአርባዋ ቀን ምን ልበል አልኸኝ። ምንም አትበል። ሌላ ሰው ያስተምር፤ አንተ ከሕዝቡ መካከል ቁም። ለምን ብለው ከጠየቁህ «የምሰጣችሁ የለኝም» በላቸው። ካብ መፍታት ማለት ይኸ ነው፤ በአገር ፊት ነው፤ ያሳፍራል። ነገ ማለዳ ደግሞ እህል ሳትቀምስ ወደዚያች ጥግ ሂድና ተንበርከክ። ምንም አይሰማህም። ከነገ ወዲያም ላይሰማህ ይችላል። ዕድሜህ ይብቃ አይብቃ፣ የሚያዝ አፈር ይኑር አይኑር እኔን አትጠይቀኝ፤ አላውቅም። አንድ ቅርጫት ሙላ። ሞላሁ ብለህ ግን ለማንም አትንገር፤ ለእኔም ቢሆን።