የደምሰው ቴስተር

አንድ ደምሰው የሚባል መካኒክ ነበር። እጁ የተመሰከረለት፣ አፉ ግን ለጸብ የሚቸኩል ሰው ነው። በሰሙነ ሕማማት ሞዴሏ የቆየ የቤት መኪና ጋራዡ ገባች። እንደ ድሮዎቹ ነዳጅና አየር የሚያደባልቅ ካርቡሬተር የላትም፤ ምን ያህል ነዳጅ መጠጣት እንዳለባት የሚነግሯት ሞተሯ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ናቸው። ሰሞኑን ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ በየትራፊክ መብራቱ እየጠፋች ባለቤቷን አስመርራለች።

እንዲህ ያለችው መኪና ኮምፒውተር ተሰክቶ አትጠየቅም። ደምሰው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አወጣና ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ለካ። የሙቀቱን ፈትቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ቴስተሩ ላይ መውረድ የነበረበት ቁጥር ከፍ እንዳለ ቀረ።

"ሞቷል" አለ።

የአየሩም ሞቷል። የቀረውም እንደዚያው። ሁሉንም የውዳቂ ማጠራቀሚያ ጣሳ ውስጥ ወርውሮ ከወንዳፍራሽ መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገዝቶ መጣ። ወንዳፍራሽ ሻጭ ብቻ አይደለም፤ የደምሰውን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው።

ደምሰው አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቶ ሲለካው ክው አለ። አዲሱም ሞቷል! ሌላውን ከፈተ፤ ያም እንደዚያው። ደሙ ፈልቶ ወደ ሱቁ ገሰገሰ። መንገዱ በበዓል ገበያተኛ ተጨናንቋል።

"አበልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለ ወንዳፍራሽ ደንግጦ።

"አበልጅ አትበለኝ! ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ! ሌባ!"

"በፈጠረህ፣ ተረጋጋና ደግመህ ለካው።"

"መለካት ደግሞ ካንተ ልማር?"

መንገደኛው ሁሉ ሰማ። መካኒኮች የወንዳፍራሽን ሱቅ እያዩ ሳይገቡ ማለፍ ጀመሩ። የፋሲካ ዕለት ያለ ወትሮው አበልጁ ደምሰው ቤት ሳይመጣ ቀረ። ልጁ በር በሩን ሲያይ ዋለ።

ከበዓሉ በኋላ ደምሰው ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ የሁለቱ ገመዶች ጫፍ እርስ በርስ ተነካካ። በዚህ ጊዜ ዜሮ መታየት ነበረበት። የታየው ግን ትልቅ ቁጥር ነው! ገመዱን ሲያወዛውዘው ቁጥሩ ዘለለ። ያን ጊዜ የአንዲት መኪና ኮፈኖ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ገመዱ ላይ የወደቀበት ቀን ትዝ አለው። ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡ ተበጣጥሶ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።

"እግዚኦ!" ብሎ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። ይታያችሁ፣ ከመለካት በፊት ጫፎቹን አነካክቶ ማየትን ለስንቱ ያስተማረ ሰው ነው! ገመዱን ቀይሮ ቢለካ አዲሶቹ ደህና፣ ከጣሳው የወጡት አሮጌዎቹም ደህና። የመኪናዋ ችግር ወደ አንዱ ሴንሰር የምትሄድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ መሰንጠቋ ነበር።

ደምሰው ቴስተሩን በዚያው በተበጠሰው ገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ድሮ አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቀው፣ አበልጁ ቤት ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ።

"ተነስ፤ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ" አለ ወንዳፍራሽ። "ግን የሰደብከኝ መንገድ ላይ፣ ይቅርታህ ሳሎን ውስጥ?"

ደምሰው በማግስቱ ቴስተሩን እንዳንጠለጠለ ሱቁ ፊት ቆሞ፣ "ሌባ ያልኩት ሰው ንጹሕ ነው! የተበላሸው የኔ መለኪያ ነው!" ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አዘነ። ደምሰውን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው፤ ስድቡን ከሰሙት ብዙዎቹ በዚያ መንገድ ሲያልፉ አላያቸውም። የት ሄዶ ያግኛቸው?

ወዳጆቼ፣ የለካነው ሁሉ ብልሹ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ መመርመር ያለበት መለኪያችን ነው። ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም የተበላሹበት ሰው ከመፍረዱ በፊት ወደ ራሱ ይመልከት። ስም በአንድ ጩኸት ይጠፋል፤ ማጽጃው ግን ሰሚውን ሁሉ አያገኝም።

እናንተስ፣ ሰሞኑን "ሞቷል" ብላችሁ የጣላችሁት ሰው የለም? ጫፎቹን አነካክታችሁ ነበር?