ከአጥሩ ሥር የበቀለው

ልጅ ባላወቀው ነገር ሲቆጡት ካዩ፣ የእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ጣልቃ ገብተው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። የወጣችው ከእንድሪስ ቤት ነው።

እንድሪስ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት፤ ሩቅያና ታናሿ ጀማል። የእንድሪስ ታላቅ እህት ዘሀራም ባሏ ሞቶባት አብራቸው ትኖር ነበር። ዕፅዋት ታውቃለች። ልጆቹን አስከትላ በጓሮው እየዞረች፣ "ይህ ዳማከሴ ነው፣ አሽትቱት፤ ያ ደግሞ ጤና አዳም" ትላቸዋለች።

ጎረቤት ማንሾካሾክ ሲጀምር እንድሪስን ከፋው።

"እትዬ ዘሀራ፣ ልጆቼ 'ቅጠል በጣሽ' የሚል ስም እንዲወጣላቸው አልፈልግም። ተያቸው።"

"እሺ። ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ብቻ ላሳያቸው፤ እሱ መጥፎ ነው።"

"አንዱንም አልኩሽ።"

ልጆቹንም፣ "ቅጠል ስትነኩ ባይ ወዮላችሁ" አላቸው። ዘሀራም፣ ቤቱ የእሱ ነውና፣ ልጆቹን ወደ ጓሮ መውሰዷን ተወች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ረፋድ ላይ፣ ትልልቆቹ ከአረም ሲመለሱ ጀማል እየተንገዳገደ መጣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ዓይኑ ፈጦ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። እናቱ ብታቅፈው አላወቃትም፤ ገፈተራት።

"ጂን ነው፣ ይታጠን" አለች አንዲት ጎረቤት። እንድሪስ ፍም አስመጣ። ዘሀራ ፍሙን ወዲያ ገፍታ ሩቅያን ያዘቻት።

"ወንድምሽ ምን በላ?"

"ጎመን።"

"ከየት ያመጣችሁት?"

ልጅቷ አባቷን አየችና እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አንተን ፈርታ ነው" አለች ዘሀራ ወደ ወንድሟ ዞራ። "እስክትናገር ልጁ ይሞትብሃል።"

እንድሪስ ተንበረከከ። "አልመታሽም፣ ልጄ። አሳዪኝ" አለ።

ሩቅያ ወደ አጥሩ መራቻቸው። እቃቃ ስትጫወት ከትፋ ለወንድሟ ያጎረሰችው፣ አእምሮ የሚያስተውን መርዘኛ ቅጠል፣ አስተናግርን ነበር። ዘሀራ ከቅጠሉ ዘንጥፋ ያዘች። ጎረቤታቸው ሼህ ያሲን በቅሏቸውን አምጥተው፣ ራሳቸው እየሳቡ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ጀማል በአባቱ ደረት ላይ ሆኖ መንገዱን ሙሉ የማይታይ ነገር ከአየር ላይ ይለቅማል። ሐኪሟ ቅጠሉን እንዳየች አንድም ጥያቄ ሳትጨምር ሥራዋን ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ፣ "እማ፣ ውኃ" አለ።

ቤት ሲገቡ የእንድሪስ ፍርሃት ወደ ንዴት ተለወጠ። "አንቺ ልጅ፣ አስተናግርን እንዴት ጎመን ትያለሽ?" ብሎ እጁን ሲያነሣ፣ ሼህ ያሲን ክንዱን ያዙና፣ "በእሷ አትፍረድ፣ እንድሪስ፤ ላልነገሩት ልጅ ቅጠል ሁሉ ጎመን ነው" አሉት።